ክብሪቱን አስቀምጡት፦ በእድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለሚጥል በሽታ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ሊቀመንበራችን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ሊቀመንበራችን «ስለ ደም ግፊት ንገረን» ብለውኝ ነበር። እሱን በሌላ ወር እመለስበታለሁ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በቅርቡ በሌላ ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። አንዲት ወጣት እንጀራ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ስታልፍ ወደቀች። እኔ ከጥግ ተነሥቼ እስክደርስ ሦስት ክብሪት ተጭሯል። አንዱ አፍንጫዋን ለብልቧታል። አንድ አባት ደግሞ ጥርሷን በማንኪያ ለመፈልቀቅ ይታገላሉ። ሁሉም ያደረጉት ከርኅራኄ ነው። ልጅቷ ስትነቃ ግን ፊቷ ተቃጥሎ፣ የፊት ጥርሷ ተሸርፎ ነበር፤ ሁለቱንም ያመጣው በሽታው አይደለም።

የአንጎላችን ሴሎች በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ይነጋገራሉ፤ እንደ ደንቡ ተራ በተራ። ባለፈው ዓመት የድንኳን ኪራይ ጉዳይ ሲነሣ እዚሁ አዳራሽ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ሲጮኽ ሰብሳቢውን የሰማ አልነበረም። የሚጥል በሽታ ሲነሣ አንጎል ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ጩኸቱ ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይበርዳል። ክብሪት የሚጫረው በሁለተኛው ደቂቃ ነው፤ በሦስተኛው ሰውየው ይነቃል፤ ምስጋናውን ክብሪት ይወስዳል። ባይጫርም ይነቃ ነበር። የክብሪት ጭስ ድኝ አለበት፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ጉሮሮ ከማቃጠል በቀር የሚፈይደው የለም።

ማንኪያውም እንዲሁ ነው። ምላስ ይነከስ ይሆናል እንጂ አይዋጥም። የተነከሰ ምላስ ይድናል፤ የተሰበረ ጥርስ ግን ተመልሶ አይበቅልም። አረፋውን ፈርታችሁ የምትሸሹም አላችሁ። አረፋው ያልተዋጠ ምራቅ ነው፤ በሽታው በምራቅም፣ በትንፋሽም፣ በመንካትም አይተላለፍም። የሚመጣው ከሌላ ነው፤ በምጥ ጊዜ አየር ካጠረው ጨቅላ፣ ከማጅራት ገትር፣ አንጎል ላይ ከወጣ ወባ፣ ከጭንቅላት አደጋ፤ አንዳንዴም በዘር። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም፤ መድኃኒቱ ግን እንደዚያም ሆኖ ይሠራል።

ስለ መድኃኒቱ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ፌኖባርቢታል አዘዝሁለት። ከ1912 ጀምሮ የሚሠራበት፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ ኪኒን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሳይጥለው ቆየ። እናትየው «ዳነልኝ» ብላ ኪኒኑን አቆመች። ልጁ ምድጃ ላይ ወደቀ። ስትመለስ የቀኝ እጁ ጣቶች ተጣብቀው ነበር። ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥለው መቆየት እንዳለበት፣ ከዚያም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ካልሆነ በድንገት ማቆም በሽታውን እንደሚያባብሰው አልነገርኋትም። ወረቀቱን ጽፌ «የሚቀጥለው ይግባ» ነበር ያልሁት። ልጁ አሁን በግራ እጁ ይጽፋል።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ ተገቢውን ሕክምና ካገኙ ከ10 ሰዎች እስከ 7 የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፤ ኪኒኑን ግን ይዛችሁ። እምነት ላላት እናት «ከሁለቱ አንዱን ምረጪ» የሚል ሐኪም፣ በእኔ አስተያየት በሽተኛዋን ራሱ ያባርራታል።

መምህራንም እዚህ አላችሁ። ሁሉም ሰው አይወድቅም። ትምህርት መሐል ለጥቂት ሰከንድ ዓይኑ ፈዝዞ፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ጽሑፉን የሚቀጥል ልጅ ካላችሁ በኩርኩም አታንቁት፤ ወላጁን ጥሩ። ቤት ውስጥ የሚጥለው ሰው ካለ ደግሞ በስልካችሁ ቅረጹት። እኛ ሐኪሞች በሽታው ሲጥል የምናየው ከስንት አንዴ ነው፤ ያ ቪዲዮ ከብዙ ጥያቄ ይበልጣል። የምታሳዩት ለሐኪሙ ብቻ ነው፤ ቲክቶክ ላይ የወጣ እንደሆነ እንጣላለን።

የሚጥለው ሰው ፊታችሁ ቢወድቅ፣ እሳትና ስለታም ነገር አርቁ፤ ከራሱ ሥር ነጠላ አጥፋችሁ አድርጉ፤ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ፍቱ፤ አትጨብጡት፤ መንቀጥቀጡ ሲተው በጎኑ አዙሩት። አጥርቶ እስኪነቃ ውኃም ቢሆን አታጠጡት። ሰዓት ደግሞ ተመልከቱ። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ወይም የወደቀችው ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ መኪና ፈልጋችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

በጎን ማዞሩን በቃል ተናግሬ አልጨርሰውም። ከወጣቶቹ አንዱ ይምጣና ምንጣፉ ላይ ይተኛልን። እማማ፣ እርስዎ ከፊት ስላሉ በእርስዎ እንጀምር፤ በቀኙ በኩል ይንበርከኩ፣ አንድ እጅዎን ትከሻው ላይ፣ ሌላውን ጉልበቱ ላይ ያድርጉ።