የማን ገቢ ነው የጨመረው?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው የጋበዘኝ ስለ ቤት ማመልከቻ አሞላል እንዳስረዳ ነው። አስረዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ።

ብዙዎቻችን ይህችን የቨርጂኒያ ከተማችንን፣ አሌክሳንድሪያን፣ ያወቅናት ከሳውዘርን ታወርስ የኪራይ ፎቆች ላይ ሆነን ነው። ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተን፣ ኪራይ ለሦስት ለአራት ተካፍለን ኖረናል። ታክሲ ነድተናል፣ ፓርኪንግ ሠርተናል፣ የሰው እናት ጦረናል። ስለዚህ አፎርደብል ቤት፣ ማለትም ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚከራይ ቤት፣ ሊሠራ ነው ሲባል እናጨበጭባለን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

እንዲህ ያለ ቤት የሚሠራበት የታክስ ክሬዲት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። መንግሥት ለሠሪው ጥሬ ገንዘብ አይሰጥም። ለ10 ዓመት ከግብር የሚቀነስ ክሬዲት ይሰጠዋል። ባንኮች ያን ክሬዲት ከሠሪው ለማግኘት ገንዘባቸውን ያስገባሉ፣ ሕንፃው ይቆማል። በምላሹ ቤቶቹ ቢያንስ ለ30 ዓመት ገቢያቸው ከተወሰነ ጣሪያ ለማያልፍ ሰዎች ይከራያሉ። ቦርጋርድ መንገድ ላይ ያለውን ስፓየርን ታውቁታላችሁ። የቤተ ክርስቲያን ግቢ በነበረ መሬት ላይ 113 ቤት ተሠርቷል። ይህን ሕግ አልጠላውም። ሰው አስገብቷል።

አሁን የአንዲት እናት ነገር ልንገራችሁ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ከልጃቸው ጋር በሰው ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ቤት ለቤት እየሄዱ ሽማግሌ መንከባከብ ነው። በታክስ ክሬዲት ለተሠራ ቤት ሁለት ዓመት ወረፋ ጠበቁ። አንዴ የደመወዝ ወረቀት ጎደለ ተባሉ፣ አንዴ ፊርማ። በመጨረሻ ቁልፉን ተቀበሉ። በዚያው ቀን ባዶ ሳሎን ውስጥ ቡና አፈሉ። ወንበር አልነበረም፤ ካርቶን ላይ ተቀምጠን ጠጣን። ግድግዳውን እየዳበሱ መረቁን።

ዓመት ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። ኪራዩ ጨምሯል። ማታ ደውለው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ። ደመወዛቸው ሳንቲም አልጨመረም። ጠዋት አብረን ቢሮ ሄድን። ጸሐፊዋ በትህትና አስረዳችን፦ የአካባቢው መካከለኛ ገቢ ስለጨመረ ነው። ተረጎምኩላቸው። ቀና ብለው አዩኝና «የማን?» አሉ።

እኔም ዛሬ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሴክሽን ኤይት የሚባለው የመንግሥት የኪራይ ድጎማ ያለው ሰው ኪራዩ የሚታሰበው ከራሱ ገቢ ነው። የታክስ ክሬዲት ቤት ግን እንዲህ አይደለም። የኪራዩ ጣሪያ የሚወጣው ከዋሽንግተንና ከዙሪያዋ ሕዝብ መካከለኛ ገቢ ነው። የሀብታሞቹ ሰፈሮች የማክሊንና የቤተስዳ ጠበቆችም እዚያ ውስጥ ተቆጥረዋል። በ2024 ይህ መካከለኛ ገቢ ለአራት ሰው ቤተሰብ በዓመት 154,700 ዶላር ነበር። ከመካከለኛው ገቢ በ60 በመቶ ሲሰላ የባለ ሁለት መኝታ ቤት ኪራይ በዚያ ዓመት በወር እስከ 2,089 ዶላር ሊደርስ ይችል ነበር። በ2025 መካከለኛው ገቢ 163,900 ገባ። ሽማግሌ ከምትንከባከቡ እህቶቼ መካከል ደመወዟ በዚያ ልክ ያደገላት ማን ናት? እጇን ታውጣ!

ሀብታም ሰው ወደ አካባቢያችን በገባ ቁጥር የእኚህ እናት ኪራይ ሊወጣ ይችላል። ይህን ትክክል ነው ብዬ አልቀበልም! ያው ባለ ሁለት መኝታ ቤት በ30 በመቶ ቢሰላ ኪራዩ ከ1,050 ዶላር በታች ነበር። ሕጉ ይህን አይከለክልም። ከተማው የራሱን ገንዘብ ሲጨምርበት ይሠራል። እንግዲህ አዲስ ሕንፃ በመጣ ቁጥር «ስንት ቤት ነው?» ብቻ ብለን አንመለስ። በ30 በመቶ ስንት፣ በ40 በመቶ ስንት ብለን እንጠይቅ። ቁጥሩን ካልነገሩን አናጨብጭብ!

ወደ ማመልከቻው ልምጣ። የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ። አድራሻ ስትቀይሩ ለተመዘገባችሁበት ሁሉ አሳውቁ፤ ደብዳቤ ሳይመልስ ቀርቶ ወረፋው የተቃጠለበት ብዙ ሰው አውቃለሁ። ቤተሰቡ በሙሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ የተለየ ደንብ ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቀረውን ስብሰባው ሲያበቃ ከኋላ ጠረጴዛ ጋ አብረን እንሞላለን።

ቅዳሜ የከተማው ምክር ቤት ሕዝብ ይሰማል። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው። እኚያ እናት በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። መኪና የሌላችሁ ንገሩኝ፤ ታክሲዬ ውስጥ ገና ሦስት ቦታ አለ።