ዋቱን አንብቡ፦ ጌሚንግ ላፕቶፕ፣ መብራትና የአዲስ አበባ አየር

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ጉዳዩ ውዱ ጌሚንግ ላፕቶፕ ነው። በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ይመጣል፣ ወይ እዚሁ ከሱቅ ይገዛል፤ ከዚያ በሳምንቱ «ምነው እንዲህ ጮኸ? ምነው እንዲህ ጋለ?» ይጀመራል። የሚገዛው ደግሞ ጌም ተጫዋች ብቻ እንዳይመስላችሁ። አርክቴክቱ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው፣ ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም የምትማረው ልጅ፣ ሁሉም የሚሄዱት ወደዚሁ ዕቃ ነው።

እኔ ይህን ዕቃ የማየው ታጥፎ እንደሚዘጋ ዴስክቶፕ ነው። መብራት የሚበላው እንደ ዴስክቶፕ፣ አየር የሚፈልገውም እንደ ዴስክቶፕ ነው። ሁለቱን በአግባቡ ያገኘ መካከለኛ ላፕቶፕ፣ ሁለቱን የተነፈገ ውድ ላፕቶፕን ይበልጣል። ስንት ዓመት የተጠራቀመ ገንዘብ ወጥቶበት ጋቢ ላይ ተቀምጦ ሲታፈን ከልቤ ያሳዝነኛል።

ከዋት ልጀምር። ሰው ሲገዛ የሚያነበው የግራፊክስ ካርዱን ስም ነው፤ አርቲኤክስ 4070፣ 4080፣ 4090 እያለ። ስሙ ግን ጉልበቱን አይነግራችሁም። የላፕቶፑ 4070 ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው ክልል ውስጥ አምራቹ በፈለገው ልክ የሚገጠም ነው። በቀጭኑ ላፕቶፕና በወፍራሙ ላፕቶፕ ውስጥ ያሉት ስማቸው አንድ፣ ጉልበታቸው ለየቅል። 4090ው ከ80 እስከ 150 ዋት ነው፤ ዳይናሚክ ቡስት ከፕሮሰሰሩ ድርሻ ቀንሶ ሲጨምርለት እስከ 175 ይደርሳል። ሌላም አለ፦ የዴስክቶፑ 4090 16,384 ኩዳ ኮር፣ ማለትም ትንንሽ ማስሊያዎች፣ እና 24 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፤ የላፕቶፑ 9,728 ኮርና 16 ጊጋባይት። ስም እንጂ ቺፑ አንድ አይደለም።

ስለዚህ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ የካርዱ አምራች ፕሮግራም የሆነውን ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን አስከፍቱ። ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለው ውስጥ ግቡና ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር የሚለውን መስመር ፈልጉ። እዚያ የተጻፈው ቁጥር ነው የምትገዙት። ብሌንደር ለምትሠሩ ደግሞ የካርዱ ሚሞሪ ከሁሉ ይቀድማል። 4060 እና 4070 ሁለቱም 8 ጊጋባይት ናቸው፤ 4080 12 ነው። የካርዱ ሚሞሪ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ አይጨመርም። የላፕቶፑን ራም እና ኤስኤስዲ ግን በብዙዎቹ ላይ መቀየር ይቻላል። ገንዘብ ከጎደላችሁ ራሙን በ16 ግዙት፣ ካርዱ ላይ አትቆጥቡ።

አሁን ወደ መብራቱ። ከትልልቆቹ ጋር የሚመጣው ቻርጀር እስከ 330 ዋት የሚሰጥ፣ ጡብ የሚያክል ነገር ነው። ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡት፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50 እና 60 ኸርዝ ይላል። ስለዚህ ከአሜሪካ ቢመጣም ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ትክክለኛ ገመድ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ብዙ ሰው «ላፕቶፑ ይነዝረኛል» ይላል። ከኪቦርዱ አጠገብ ያለውን ብረት በጣት ጀርባ ቀስ ብላችሁ ስትዳብሱት ቆዳ ላይ ብርብር የሚል፣ ብረቱ የሻከረ የሚመስል ስሜት አለው። ቻርጀሩን ንቀሉት፤ ወዲያው ይጠፋል። ላፕቶፑ ተበላሽቶ አይደለም። ቻርጀሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጩኸት እንዲያጣሩ የተገጠሙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ በእነሱ በኩል የምታልፈው ጥቂት ከረንት መውጫዋ በመሬት ሽቦው፣ ኤሌክትሪሺያኖች ግራውንድ በሚሉት፣ በኩል ነው። የአሜሪካው ሦስት እግር ገመድ በርካሽ ባለሁለት እግር አዳፕተር ሲሰካ ግራውንዱ ይቋረጣል፤ ከረንቷም መውጫ ስታጣ በእናንተ ጣት በኩል ትሞክራለች። መጠኗ ትንሽ ነው፣ ግን ልትለመድ አይገባም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከቻርጀሩ እስከ ግድግዳው ያለው ገመድ ይነቀላል። በትልልቆቹ ቻርጀሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገመድ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሁለት ክብ እግር ያለውና በጎንና በጎኑ የብረት ምላስ ያለበትን ግዙና ቀይሩ። ከቀየራችሁ በኋላም ከነዘረ ችግሩ ግድግዳው ላይ ነው፤ በአሮጌ ቤቶች ሶኬቱ የግራውንድ ምላስ እያለው ከጀርባው ሽቦ ያልታሰረበት ጊዜ አለ። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስለኩት። ማከፋፈያውም ግራውንድ ያለው ይሁን። ማከፋፈያውን ግን ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር አታጋሩት፤ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ቀጭን ማከፋፈያ ይቀልጣል። ቮልቴጁ ወረድ ቢል ቻርጀሩ ራሱ ይችለዋል፤ ለላፕቶፑ ብላችሁ ስታብላይዘር አትግዙ።

መብራት ሲሄድስ? ላፕቶፑ አይጠፋም፣ ጌሙ ግን ይንቀራፈፋል። ባትሪው 330 ዋት መስጠት ስለማይችል ግራፊክስ ካርዱ በግድ ይቀነሳል። የኤንቪዲያ ባተሪ ቡስት በርቶ ከሆነ ፍሬሙ፣ ማለትም በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት፣ 30 አካባቢ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሂሳቡን እዩት፦ ትልቁ ባትሪ 99 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ የማይበልጠው ከ100 በላይ ሲሆን አውሮፕላን ላይ ለመግባት የአየር መንገዱ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ነው። በጨዋታ መሀል 90 ዋት ቢበላ አንድ ሰዓት አለፍ ቢል ነው። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት 18 ዋት ቢበላ አምስት ሰዓት ተኩል።

ስለዚህ መብራት እንደሄደ ሴቭ አድርጉ፣ ጌሙን ዝጉ፣ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ። መብራቱ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ፤ ዕቃ የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ ሲመለስ ያለው ምት ነው። ለራውተሩ ደግሞ 12 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ ዩፒኤስ አለ፤ የራውተራችሁን አዳፕተር አንብባችሁ ቮልቱ አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ባትሪው ሥራ ሳይበዛበት በሁለት ሰዓት የሚያልቅባችሁ ካላችሁ፣ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ስክሪኑ በትልቁ ግራፊክስ ካርድ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሃይብሪድ ወይም ኦፕቲመስ መልሱት። ሁለተኛ፣ ስክሪኑን ከ240 ኸርዝ ወደ 60 አውርዱ። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ በአምራቹ ፕሮግራም ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጉ፤ ሙሉ ሆኖ እየጋለ የሚውል ባትሪ ቶሎ ያረጃል። መብራት ይጠፋል የተባለ ቀን ወደ 100 መልሱት። የዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ለቢሮ ሥራ ይበቃል፣ ጡቡን ከመሸከም ያድናል። ለጌም ግን አይሆንም፤ ተሰክቶ እያለ ባትሪው ሲወርድ ታዩታላችሁ።

ሙቀት ላይ ስንመጣ የከተማችን ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ያህል ጊዜ ቢሽከረከርም ሙቀት ይዞ የሚወጣው አየር ያንሳል። ስለዚህ በዩቲዩብ የምታዩት የሙቀት ቁጥር፣ ባሕር ጠለል አካባቢ ባለ ከተማ የተለካ ከሆነ፣ የእናንተ በጥቂት ዲግሪ ቢበልጥ አትደንግጡ። ቤታችን ቀዝቃዛ መሆኑ ይክሰናል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያላችሁ አየሩ ወፈር ይልላችኋል፣ ግን ራሱ የጋለ ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ነጻ ነው። አየር የሚገባው ከሆዱ በኩል ነውና የኋላውን ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ሁለት የጠርሙስ ክዳን በየጥጉ ብታስቀምጡም ይሠራል። ከኋላው ያለው ግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ።

ከዚያ ለኩ። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭናችሁ ጌም ወይም ሬንደር (የ3ዲ ሥራን ወደ ምስል ወይም ቪዲዮ መቀየር) ለ20 ደቂቃ አስኬዱና የፕሮሰሰሩን ሙቀት፣ የካርዱን ሙቀትና የካርዱን ዋት ጻፉ። ኮር አይ9 14900ኤችኤክስን የመሰለ ፕሮሰሰር ጣሪያው 100 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ይቀንሳል። ለአፍታ 95 መንካቱ ያለ ነው፤ 100 ላይ ተለጥፎ መቆየቱ ግን ልክ አይደለም። ካርዱ 87 ዲግሪ አካባቢ ላይ ደርሶ ዋቱ ከተጻፈለት በጣም ከወረደ አየር አጥሮታል ማለት ነው።

ከቅንብር ሁሉ የምመርጠው ፍሬም መገደብን ነው። በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል፣ ማኔጅ 3ዲ ሴቲንግስ ውስጥ፣ ማክስ ፍሬም ሬት የሚለውን ታሪክ ላለው ጌም 90 ላይ አድርጉ። ስክሪኑ 240 ስለሆነ ብቻ ካርዱ 170 ፍሬም እየፈበረከ ቤቱን እንዲያሞቅ አትተዉት። ፋኑ ድምፁን ወዲያው ይቀንሳል።

ቀጥሎ የቮልቴጅ ቅነሳ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን ክፈቱ፣ ኮንትሮልና ኤፍን አብራችሁ ስትጫኑ የካርዱን ቮልቴጅና ፍጥነት የሚያሳይ መስመር ይወጣል። ካርዱ ሥራ ላይ ሳለ በስንት ሜጋኸርዝ እንደሚሮጥ ቀድማችሁ አንብቡ። 900 ሚሊቮልት ላይ ያለችውን ነጥብ ወደዚያው ሜጋኸርዝ አንሱ፣ ከእሷ በስተቀኝ ያሉትን ሁሉ ከእሷ በታች አውርዱና አጽድቁ፤ መስመሩ ከዚያ ነጥብ በኋላ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጌሙ ከተዘጋ ወይም ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ከጠቆረ 30 ሜጋኸርዝ ቀንሱ። ሳምንት ሳይፈትኑ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በራሱ እንዲጭነው ማዘዝ አይገባም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያልፈው ነገር ደግሞ አለ፦ መስመሩን ጠፍጣፋ ካላደረጋችሁት ካርዱ የተረፈውን ዋት ለተጨማሪ ፍጥነት ይጠቀምበታል፣ ሙቀቱም አይወርድም። ይህንንና ፍሬም መገደቡን አብራችሁ ተጠቀሙባቸው።

ፕሮሰሰሩን ለማብረድ በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን 99 በመቶ ማድረግ ይቻላል። ቱርቦው፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚሮጥበት ፍጥነት፣ ይጠፋል፤ 14900ኤችኤክስ ከ5.8 ጊጋኸርዝ ጣሪያው ወደ 2.2 አካባቢ ይወርዳል። በካርዱ ለምትሠሩት ሌሊቱን ለሚያድር ሬንደር ጥሩ ነው፤ ፕሮሰሰሩ በሚሠራው ሬንደር ላይ ግን ሰዓቱን ያበዛባችኋል።

የቀረው አቧራ ነው። በበጋ በየሦስት ወሩ ውስጡን እዩት። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የሆዱን ብሎኖች በትክክለኛ ልክ ካቻቢቴ ፍቱ። ርዝመታቸው ስለሚለያይ በነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ስላችሁ እያንዳንዱን በቦታው አስቀምጡ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ይወጋል። ክዳኑን በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ ዙሪያውን ክፈቱ። ከሁሉ በፊት የባትሪውን ማገናኛ ንቀሉ።

የፋኑን ክንፍ በጣት ይዛችሁ በለስላሳ ብሩሽና በሚነፋ አየር አጽዱ። ፋኑን ሳትይዙ ብትነፉት ከልኩ በላይ ይሽከረከርና መሸከሚያው ይጎዳል። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በጎማው ኮምፕሬሰር አታስነፉ፤ ያ አየር ውኃና ዘይት ይዞ ነው የሚመጣው። ዋናው አቧራ ያለው በፋኑና በመዳቡ ክንፎች መሀል ነው፤ እንደ ብርድ ልብስ ጥጥ ተጋግሮ ይገኛል። ሲወጣ በአንድ ቁራጭ ከወጣ ትክክለኛውን ቦታ አግኝታችኋል።

ገጥማችሁ ያንኑ የ20 ደቂቃ ልኬት ድገሙ። ቁጥሩ ካልወረደ ጥርጣሬው ከፕሮሰሰሩ ሙቀት ወደሚያስተላልፈው ቅባት፣ ወደ ፔስቱ፣ ይሄዳል፤ እዚህ ላይ ቆም በሉ። በአንዳንድ ውድ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ተራ ነጭ ፔስት አይደለም፣ ጋሊየም ያለበት ፈሳሽ ብረት ነው። ከዝርዝር መግለጫው ላይ ሊኩዊድ ሜታል የሚል ካለ ለጠጋኙ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ሠርቶበት የማያውቅ ከሆነ አያንሳው። ፈሳሹ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አልሙኒየምም ይበላል፤ ሂትሲንኩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት ሳቢ ብረት፣ በድንገት ሲነሳ እንደ ሜርኩሪ ክብ ክብ ሆኖ ይረጫል። ከጥገና የተመለሰላችሁን ላፕቶፕ ሆዱን ክፈቱና በፕሮሰሰሩ ዙሪያ በባትሪ መብራት እዩ። የምታብረቀርቅ፣ የጤፍ ቅንጣት የምታክል ጠብታ እንኳ ካያችሁ ባትሪውን አታገናኙ፣ ቻርጀሩንም አትሰኩ፤ እንደተከፈተ መልሱለት።