ጉቶውን አትንቀሉት

እንደምን አደራችሁ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እናንተም ዶማና አካፋችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፣ በዚህ ዝናብ ማልዳችሁ ጣና ዳር ስላገኘኋችሁ ደስ ብሎኛል። ችግኙ መኪና ላይ ተጭኖ እስኪያልቅ ትንሽ ላውራችሁ።

የምንሄድበትን ኮረብታ ታውቁታላችሁ። መጋቢት ላይ የተቃጠለ ጊዜ በማግስቱ ወጥቼ አይቼዋለሁ። አፈሩን ሳየው ነው ሆዴ የባባው። እሳት ሲበረታ መሬት ላይ የተነጠፈውን ቅጠል ጨርሶ ይበላዋል፣ አፈሩም ውኃ አላስገባ ይላል፣ ከዚያ ዝናቡ ሲጥል ጎርፉ አመዱንና አፈሩን ጠራርጎ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ደግሞ ወደዚህ ወደ ጣና ይዞት ይወርዳል።

ድርቅ የሚቋቋም ዛፍ እንትከል ስል አንዳንዶቻችሁ «ባሕር ዳር ምን ድርቅ አላት?» ብላችሁኛል። እውነት ነው፣ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብልናል። ግን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም በጋ፣ ያውም ጥላ በሌለበት የተቃጠለ ተዳፋት ላይ፣ ችግኙ ብቻውን ነው የሚያልፈው። ለዚህ ነው ወይራ፣ ጥድና ግራር የመረጥነው። ዋንዛውን እርጥበት ወዳለው ወደ ታች እናድርገው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የጠቆረ የወይራ ጉቶ ስታገኙ አትንቀሉት! ወይራ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን እንዲህ አይደለም፣ አንዴ ከተቃጠለ በዘር ወይም በችግኝ ካልሆነ አይመለስም። በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ሲቃጠል፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ሲረዱን፣ ስንቶቻችን አስታው፣ ያ የከፍተኛ ተራራ ዛፍ፣ አለቀ ብለን አዝነናል። አስታም ግን ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነው። እና እባካችሁ፣ «ቦታውን እናጽዳ» ብለን ሊመለስ የተዘጋጀውን ዛፍ ለማገዶ አንውሰደው።

ቁጥቋጦውንም አትመንጥሩ። ወፍ የወይራ ፍሬ በልታ ቁጥቋጦ ላይ ታርፋለች፣ ዘሩ ከሥር ይወድቃል፣ ቁጥቋጦው ደግሞ ከፀሐይም ከፍየልም ይከልለዋል። ወይራ በተፈጥሮው የሚያድገው እንዲህ ነው። ስለዚህ የወይራ ችግኝ የያዘ ሰው ክትክታ ወይም አጋም ይፈልግና ጥግ ጥጉን ይትከል። በገመድ የተሰለፈ መስመር ለፎቶ ያምራል፣ ለወይራ ግን አይሆንም።

«ለምን ባሕር ዛፍ አንተክልም? ቶሎ ይደርሳል» ያላችሁኝም አላችሁ። ባሕር ዛፍ ገንዘብ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በየማሳችሁ ዳር ትከሉ። ነገር ግን ቅጠሉ ዘይት አለው፣ እሳት ሲነካው ይንቦገቦጋል። አንዴ የተቃጠለ ደን ላይ እሱን መትከል አይታየኝም።

ዘሩን ያገኘነው ከደብሮቻችን ነው፣ አባቶችን እግዚአብሔር ይስጥልን። የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ሲያጠኑ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። አስቡት፣ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ! ከብት እንዳይገባ ሲታጠር ደግሞ ችግኝ በደንብ እንደሚተርፍም አይተዋል። የእኛም ኮረብታ ከብት ከገባበት የዛሬው ድካም እስከ ጥር አይቆይም። የአካባቢው ገበሬዎች ሣሩን አጭዳችሁ ውሰዱ፣ ከብቱን ግን አታስገቡብን።

አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልናገር። ከዓመታት በፊት ነሐሴ መጨረሻ ላይ በዘመቻ ጥድ ተክለን፣ አጨብጭበን፣ ፎቶ ተነስተን ተበተንን። የካቲት ላይ ብመለስ ደርቋል። አንዱን ነቅዬ ሳየው ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም፣ ሥሩ እዚያው ውስጥ እንደ ክር ተጠቅልሎ ቀርቷል። የተከልኩት እኔው ራሴ ልሁን ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዛሬ ገና ሐምሌ መግቢያ ነው፣ ሥሩ ወደ ታች የሚሄድበት ጊዜ አለው። ፕላስቲኩን ቅደዱና አውጡት፣ አፈሩን በእግራችሁ ጠቅጠቅ አድርጉ፣ ግርጌውን ደረቅ ሣር አልብሱት። ኅዳር ላይ የደረቀውን ለመቁጠርና ሣር ለመጨመር እንደገና እንወጣለን፣ ስማችሁን ያስመዘገባችሁ እንዳትቀሩ።

መኪናው ሞልቷል መሰለኝ። ምላጭ ያልያዘ ካለ እኔ ጋ ይምጣ፣ ለሁላችሁም የሚበቃ ይዣለሁ።