ኤፍ ለተሰጠው ፊልም ጥብቅና፦ የ2002ቱ «ሶላሪስ»

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ጥብቅና የምቆምለት ፊልም ኤፍ ያገኘ ነው። ሲ አላልኩም፣ ዲ አላልኩም፤ ኤፍ። የስቲቨን ሶደርበርግ «ሶላሪስ»። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002፣ ልክ በታንክስጊቪንግ ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ወጣ። 47 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ተደርጎበት ከዓለም ዙሪያ የሰበሰበው 30 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከትኬቱ ላይ ደግሞ ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ኪሳራው ከምታስቡት በላይ ነው።

መጨረሻውን ስለምናገር ያላያችሁት እዚህ ጋ አቁሙት። 99 ደቂቃ ብቻ ነው። አይታችሁ ኑ፣ ቪዲዮው የትም አይሄድም።

እሺ። ኤፍ የሚሰጠው ማነው? ሲኒማስኮር። ከ1979 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው። ፊልሙ በተከፈተበት ምሽት ሲኒማ ቤት ውስጥ ካርድ ያድላል፣ ተመልካቹ ከኤ ፕላስ እስከ ኤፍ ይሰጣል፣ በቃ። አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት አልቆይበትም። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ፦ በመጀመሪያው ምሽት የሚገባ ሰው ጓጉቶ የመጣ ሰው ነው። ማስታወቂያውን አይቶ፣ ተዋናዩን ወዶ ነው የገባው። ስለዚህ ውጤቱ በጠቅላላው ወደ ላይ ያጋድላል፤ ኤፍ ብርቅ ነው። ያ ሁሉ ጉጉት ይዞ የገባ ሰው ኤፍ ሰጥቶ ሲወጣ ብዙ ጊዜ እያለ ያለው «የተነገረኝ ሌላ፣ የቀረበልኝ ሌላ» ነው።

እስቲ ይህን አስቡ። የሰርግ ካርድ መጣላችሁ። ወፍራም ወረቀት፣ የወርቅ ቀለም፣ «ከነቤተሰብዎ» የሚል። ጥሩ ልብሳችሁን ለበሳችሁ፣ ጫማ አስጠረጋችሁ፣ ስጦታ ያዛችሁ። እስክስታ ልትወርዱ ትከሻችሁን እያሟሟቃችሁ ነው የመጣችሁት። ከሩቅ ድንኳን ይታያል፤ ድንኳን እንደሆነ ለሁለቱም ይተከላል፣ አይደል? ገባችሁ። ሰው በረድፍ ተቀምጧል፣ ነጠላው ተዘቅዝቋል፣ ማንም አይዘፍንም። አንዲት ልጅ ትሪ ይዛ ቀረበች። ንፍሮ! ንፍሮው ደግሞ ግሩም ንፍሮ ነው፤ ስንዴው በልኩ የፈነዳ፣ ሽምብራው ያልፈረሰ፣ ጨው የተመጠነ። እናንተ ግን የጠበቃችሁት ጥሬ ሥጋ ነው፣ ዶሮ ወጥ ነው፣ ጠጅ ነው። ስትወጡ አንዱ በሩ ላይ ካርድ ይዞ «ድግሱ እንዴት ነበር? ከኤ እስከ ኤፍ» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? ኤፍ ነዋ! እናንተም ልክ ናችሁ፣ ንፍሮውን የቀቀለችው ሴትዮም ልክ ናት። ጥፋቱ ያለው ካርዱን የጻፈው ሰውዬ ጋ ነው።

አሁን የሶላሪስን የሰርግ ካርድ እናንብብ። ዋና ተዋናይ ጆርጅ ክሉኒ። ዳይሬክተር ሶደርበርግ። እነዚህ ሁለቱ ገና ከአንድ ዓመት በፊት፣ በዲሴምበር 2001፣ «ኦሽንስ ኢለቨን»ን ሰጥተውናል፤ ሳቅ፣ ካዚኖ ዘረፋ፣ ቆንጆ ሱፍ። ፕሮዲውሰሩ ጄምስ ካሜሮን፤ የ«ተርሚኔተር»፣ የ«ታይታኒክ» ሰውዬ። ማስታወቂያው የፍቅር። በዚያ ላይ ከመውጣቱ በፊት የተወራው ስለ ክሉኒ ራቁት መቀመጫ ነበር፤ ፊልሙ በዚያ ምክንያት መጀመሪያ «አር» የተባለው ጥብቅ የዕድሜ ገደብ ተሰጥቶት በይግባኝ ወደ ለዘብተኛው «ፒጂ 13» ወረደ። ይህን ሁሉ ሰምቶ የገባ ሰው ያገኘው ሚስቱ ራሷን ያጠፋችበትን የሥነ ልቦና ሐኪም፣ ዝምታና ሐዘን ነው። ለቅሶ ቤት!

እዚህ ጋ ላቁምና ብዙ ሰው የሚጽፍልኝን አንድ ነገር ላንሳ፤ ካልተነሳ ስለ ተጠላ ፊልም መነጋገር አንችልም። «ሮተን ቶሜቶስ ላይ 50 ከመቶ ያገኘ ፊልም ማለት ከአሥር አምስት ያገኘ ፊልም ነው» ትላላችሁ፤ የሐያሲዎችን ጽሑፍ የሚሰበስበውን ድረ ገጽ ማለታችሁ ነው። አይደለም። አይደለም! ያ መቶኛ ነጥብ አይደለም፣ የድምፅ ቆጠራ ነው። እያንዳንዱ የሐያሲ ጽሑፍ «ወዶታል» ወይም «አልወደደውም» ተብሎ ይመደባል፤ ከመቶው ስንቱ ወደደው የሚለው ነው የሚነገራችሁ። 60 ከመቶና ከዚያ በላይ ቀይ ቲማቲም፣ ከዚያ በታች የበሰበሰ።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። አሥር ሐያሲ አለን። የመጀመሪያውን ፊልም አሥሩም «ደህና ነው» ብለው ከአሥር ስድስት ሰጡት። ሁሉም ወደ «ወዶታል» ገቡ። ስንት ሆነ? መቶ ከመቶ። ሁለተኛውን ፊልም አምስቱ አብደውለት ዘጠኝ ሰጡት፣ አምስቱ አናዷቸው አራት ሰጡት። ስንት ሆነ? ሃምሳ ከመቶ፤ የበሰበሰ። አማካዩ ግን? አምስት ጊዜ ዘጠኝ አርባ አምስት፣ አምስት ጊዜ አራት ሃያ፣ ድምሩ ስልሳ አምስት፣ ለአሥር ሲካፈል ስድስት ነጥብ አምስት። የበሰበሰው ፊልም መቶ ካገኘው ይበልጣል! ስለዚህ እኔ ጥብቅና የሚቆምለት ፊልም ስፈልግ የምመርጠው እንዲህ ለሁለት የከፈለውን ነው። አሥሩም «ደህና ነው» ያሉት ፊልም ጠበቃ አያስፈልገውም፤ ጠላትም ወዳጅም የለውም። አሥሩም ሁለት ከሰጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልክ ናቸው፤ ለእሱ ላብ አታፍስሱ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ይህን ስሌት ስትሉ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በቦክስ ኦፊስ፣ ማለትም በትኬት ገቢ ቁጥር ላይ እንደዚሁ እንሠራለን።

ወደ ፊልሙ። ቶሎ ቶሎ እሄዳለሁ። ክሉኒ የሚጫወተው ክሪስ ኬልቪን ሶላሪስ የተባለችውን ፕላኔት ወደምታጠናው ጣቢያ ይሄዳል፤ ተኝቶ ሲነቃ የሞተችው ሚስቱ ሬያ አጠገቡ አለች። ደንግጦ በማመላለሻ ዘግቶ ወደ ህዋ ይሰዳታል። እንደገና ትመጣለች። የፊልሙ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ፕላኔቷ ይህቺን ሬያ የሠራቻት ከእሱ ትዝታ ብቻ ነው። እሱ የሚያስታውሳት ራሷን እንዳጠፋች ሴት ስለሆነ እሷም ራሷን ማጥፋት ትፈልጋለች። ፈሳሽ ኦክስጅን ጠጥታ ትሞታለች፤ ሰውነቷ እንደገና ይነሳል። ሬያን የምትጫወተው ናታሻ ማክኤልሆን ይህን እያወቀች የምትጫወትበትን ፊት ተመልከቱ፤ የሰውን ትዝታ ለብሶ መኖር ምን ያህል እስር ቤት እንደሆነ ሌላ ፊልም እንዲህ አላሳየኝም።

አንድ ትዕይንት ብቻ አሳየን ብትሉኝ ወጥ ቤቱን ነው። መጀመሪያ ላይ ኬልቪን ምድር ላይ፣ ቤቱ፣ አትክልት ሲከትፍ ጣቱን ይቆርጣል። ደሙን በቧንቧ ውኃ ያጥባል። ትንሽ ነገር፣ ትረሱታላችሁ። መጨረሻ ላይ ያው ወጥ ቤት፣ ያው ቢላ፣ ያው ጣት። ደሙን ሲያጥበው ቁስሉ ይዘጋል። ማንም ምንም አያስረዳም፤ ሰውዬው ምድር ላይ አለመሆኑን በአንድ ጣት አወቃችሁ። ከሥሩ የክሊፍ ማርቲኔዝ ሙዚቃ፣ ስቲል ድራሙ፣ ቀስ እያለ ይንቀጠቀጣል። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ግማሹ ይጠፋል።

ለማይከላከሉት ነገር ግን አትከራከሩ። ስታኒስላቭ ሌም በ1961 ባወጣው ልብ ወለድ ዋናው ጉዳይ ፕላኔቷን የሸፈነው፣ ሰው ሊረዳው የማይችለው ባሕር ነው፤ እዚህ ባሕሩ ጌጥ ሆኗል። ሌም ራሱ የጻፍኩት የህዋ ላይ ፍቅር አይደለም ብሎ ቅር ተሰኝቷል፤ እውነቱን ነው። ስኖው የተባለው የጣቢያው ሰው ራሱ እንደ ሬያ ፕላኔቷ የሠራችው ቅጂ መሆኑ የሚገለጥበትም መንገድ ጥድፊያ አለበት፤ ፊልሙ ዝም ማለት ሲችል እዚያ ጋ ያወራል። ይህን ስታምኑ ነው የቀረውን የሚያምኗችሁ።

ሰዎች ክርክር ሲያበላሹ የማየው በሦስት ነገር ነው። አንዱ «አልገባችሁም» ማለት፤ ይህን ካላችሁ በኋላ የሚሰማችሁ የለም። ሌላው «ሆን ተብሎ ነው» ማለት፤ ሆን ተብሎም ይበላሻል፣ ሆን ተብሎ ምን እንደሠራ አሳዩ። የባሰው ግን የአንድን ፊልም የተለያዩ ቅጂዎች መቀላቀል ነው። የሪድሊ ስኮት «ኪንግደም ኦቭ ሄቨን» በ2005 ሲኒማ ቤት የገባው 144 ደቂቃ ነበር፤ የዳይሬክተሩ ቅጂ 194 ደቂቃ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ልዩነት! ሲቢላ የተባለችው ገጸ ባሕርይ ልጅ ታሪክ በሙሉ አጭሩ ላይ የለም። አንዱ አጭሩን አይቶ ሲጠላ፣ ሌላው ረጅሙን አይቶ ሲከላከል፣ ሁለት ሰዓት ይጨቃጨቃሉ፤ ስለ ሁለት የተለያየ ፊልም!

ጊዜም ዳኛ ነው ብላችሁ የምትጠቅሱት ማስረጃ ካስፈለጋችሁ የጆን ካርፔንተርን «ዘ ቲንግ» ጥቀሱ። በ1982 ሐያሲው ተጸየፈው፣ ተመልካቹ ከሁለት ሳምንት በፊት የገባውን «ኢ.ቲ.»ን መረጠ። የኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃው ለዓመቱ መጥፎ ሙዚቃ ለራዚ፣ ለመጥፎ ፊልሞች ለሚሰጠው የፌዝ ሽልማት፣ ታጨ። ከዚያ ፊልም የተረፉ ያልተሠራባቸው ሙዚቃዎች ከ33 ዓመት በኋላ «ዘ ሄትፉል ኤይት» የተባለው ፊልም ውስጥ ገቡ፤ በዚያ ፊልም ሙዚቃ ሞሪኮኔ ኦስካር ወሰደ።

እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው። የምትከራከሩለትን ፊልም ከታች ጻፉ፤ ስሙን፣ ዓመቱን፣ ያያችሁት ቅጂ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ያለውን የትኛውን ትዕይንት እንድናይ እንደምትፈልጉ። ደቂቃ የተጻፈበትን ሁሉ ከፍቼ አያለሁ።