ቅሪተ አካል ነው ወይስ ዝም ብሎ ድንጋይ?

(ካሜራው ቢጫማ ድንጋይ ላይ ይጠጋል፤ ላዩ ላይ ቅጠል የሚመስል ጥቁር ምስል አለ)

ይሄን ድንጋይ እዩት። ቅጠል ነው የሚመስለው አይደል? ግንዱ፣ ቅርንጫፉ፣ ጫፉ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግን ቅጠል ሆኖ አያውቅም። ማንጋኒዝ ያለበት ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ ሲገባ የተወው ማዕድን ነው፣ ዴንድራይት ይባላል።

በአጉሊ መነጽር ጠጋ በሉ። እውነተኛ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ላይ አውራ ጅማት አለው፣ ትናንሾቹም ከሱ በሥርዓት ይወጣሉ፣ ጠርዙም የት እንደሚያልቅ ይታወቃል። ዴንድራይት ጅማት የሚባል ነገር የለውም። ብዙ ጊዜ ከስንጥቁ ይነሳና ወደፈለገው አቅጣጫ ይበተናል።

"የዳይኖሰር እንቁላል" እየተባሉ የሚመጡት ድቡልቡል ድንጋዮችም አብዛኞቹ ማዕድን አሸዋና ጭቃውን አጣብቆ የሠራቸው ናቸው። እውነተኛው እንቁላል ቀጭን ቅርፊት አለው፣ ቅርፊቱ ላይ ደግሞ አየር የሚያስተላልፉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች።

አጥንት ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የተሰበረውን ጎን እዩ፦ ውጪው ጥቅጥቅ ያለ፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የተያያዘ ከሆነ ተስፋ አለ። ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ያሳስታል፣ የሱ ቀዳዳዎች ግን የጋዝ አረፋ የተወው ስለሆኑ ከዳር እስከ ዳር የተበታተኑ ናቸው፣ ድንጋዩም ጥቅጥቅ ያለ የውጪ ሽፋን የለውም። ምላስ ማስነካት የሚባለውም እውነት ነው፣ ያረጀ አጥንት ምላስ ላይ ይጣበቃል። ሸክላም ግን ይጣበቃልና በሱ ብቻ አትወስኑ።

(የአባይ በረሃ፣ ከላይ ወደታች)

ቦታውንም እዩ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ስትወርዱ ላይኛው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው፣ እሱ ውስጥ አጥንት መፈለግ በከንቱ መድከም ነው። ዝቅ ስትሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ዳይኖሰሮች በነበሩበት በጁራሲክ ዘመን እዚህ ባሕር ነበር፣ ስለዚህ ዛጎል ብታዩ አይግረማችሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ቅሪተ አካል ብታገኙ ከቦታው አታንሱት። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው የተባለው በአካባቢው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜ ተለክቶ ነው። አጥንቱ ኪስ ውስጥ ከገባ ያ መረጃ ጠፋ ማለት ነው። ጎኑ ሳንቲም አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡ፣ ከዚያ ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ክፍል ንገሩ።