በረኪና፣ የቧንቧ ውሃና የቤተ ሙከራ ትርፍ፦ ስለ አረንጓዴ ኬሚስትሪ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ (ከጎንደር የደወሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር) የትምህርት ክፍላችን መርሐ ግብር ሞልቷል። አረንጓዴ ኬሚስትሪን በየትኛው ሰዓት እናስተምረው?

መልስ፦ አረንጓዴ ኬሚስትሪ ማለት ብክነትንና መርዛማ ነገርን ከምንጩ የሚቀንስ የኬሚስትሪ አሠራር ነውና፣ የተለየ ሰዓት አይፈልጉለት፤ ከሚያሠሯቸው ሙከራዎች አንዱን ይለውጡ። ኬሚስቶቹ ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1998 ካወጧቸው 12 መርሆዎች የመጀመሪያው፣ ብክነትን ከተፈጠረ በኋላ ከማጽዳት እንዳይፈጠር ማድረግ ይሻላል የሚል ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከማስቀዳት በእጅ ማሠራት ይበልጣል። ሳይክሎሄክሳኖል የተባለውን አልኮል ወደ ሳይክሎሄክሳኖን የምትለውጡት ዳይክሮሜት በተባለው የክሮሚየም ውህድ ከሆነ፣ ተማሪዎችዎ ካንሰር አምጪ የሆነውን ክሮሚየም 6 እየያዙ ነው። ያንኑ ሥራ ከሱቅ የሚገዛ በረኪና ከአሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ካለው አሲድ) ጋር ይሠራዋል፤ በረኪናው ሥራውን ሲጨርስ የሚቀረው የገበታ ጨውና ውሃ ነው።

በረኪና ግን ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ተማሪዎቹ አስቀድመው በአዮዳይድና በታዮሰልፌት ቲትሬት አድርገው (በጠብታ እየጨመሩ ለክተው) መጠኑን ይወቁ፤ የአናሊቲካል ኬሚስትሪ ትምህርትም አብሮ ተሰጠ ማለት ነው። አደራ የምለው፣ ክሎሪን ጋዝ ሊወጣ ስለሚችል ሥራው ፊውም ሁድ (ጋዝ ስቦ የሚያወጣ ሳጥን) ውስጥ ይሁን፤ በረኪናውም በጠብታ ይጨመር። የተረፈውን በሶዲየም ባይሰልፋይት ማክሸፍ አይርሱ።

ጥያቄ፦ (ከሐዋሳ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ) ያገኘሁት ምርት 90 በመቶ ከደረሰ ሙከራዬ ንጹሕ ነው አይባልም?

መልስ፦ አይባልም፣ እህቴ። መቶኛው የሚነግርሽ ከሚጠበቀው ምርት ምን ያህሉን እንዳገኘሽ ብቻ ነው። ከገቡት አተሞች ስንቶቹ ምርቱ ውስጥ እንደቀሩ አይነግርሽም። ኬሚስቱ ባሪ ትሮስት እ.ኤ.አ. በ1991 ያነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር። በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠውን ኢቡፕሮፌን ተመልከቺ፤ በቀድሞው ባለ 6 ደረጃ አሠራር ከገቡት አተሞች በክብደት 40 በመቶ ያህሉ ብቻ መድኃኒት ይሆኑ ነበር። በኋላ የመጣው ባለ 3 ደረጃ አሠራር ወደ 77 በመቶ አደረሰው፤ ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የፕሬዚዳንቱን የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት አግኝቷል። አንቺም በቀጣዩ ሪፖርትሽ ከምርትሽ ክብደት አጠገብ የጣልሽውን ክብደት ጻፊ። አሟሚውንም (ኬሚካሎቹ የሚሟሙበትን ፈሳሽ) ቁጠሪው፤ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ብክነት ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ (የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን፣ አዲስ አበባ) ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቦታ ይህ ሁሉ ቅንጦት አይሆንም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ትምህርት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ውሃ ለሚቸግረው ነው። ኮንደንሰር (እንፋሎትን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ የሚመልስ ቱቦ) ለማቀዝቀዝ በደቂቃ 1 ሊትር ቢፈስስ፣ በ2 ሰዓት 120 ሊትር ይሄዳል። አሥር ቡድን ሲሠራ 1,200 ሊትር ንጹሕ ውሃ ምንም ሳይነካው በማጠቢያው ይወርዳል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። አንድ ባልዲ፣ ትንሽ የውሃ ፓምፕና ጥቂት በረዶ ያንኑ ውሃ መልሶ መላልሶ ያዞሩታል። የሚፈላው ነገር የመፍያ ነጥቡ ከፍ ያለ ከሆነማ በአየር የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር ይበቃል። ሙከራውን ወደ አንድ አሥረኛ መጠኑ ማሳነስም ኬሚካሉን ይቆጥባል።

ጥያቄ፦ (ከአቃቂ የደወሉ እናት) ልጄ ከሙከራ የተረፈውን በማጠቢያው ላይ እንደሚደፉ ነገረችኝ። ውሃ ከጨመሩበት ችግር የለውም አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም፣ እናቴ። ለምሳሌ ከዳይክሮሜት የሚተርፈው ክሮሚየም ቢቀጥን እንጂ አይጠፋም። የአዲስ አበባ ወንዞች ወዴት እንደሚወርዱና በአቃቂ ውሃ ምን እንደሚለማ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ጎመኑ ተመልሶ ገበታችን ላይ ይቀርባል። ልጅዎ መምህሯን ክዳን ያላቸው ጠርሙሶች ትጠይቅ። ክሎሪን ያላቸው አሟሚዎች ለብቻ፣ ሌሎቹ ለብቻ፣ ከባድ ብረት ያለበት ውሃ ለብቻ ይቀመጥ፤ በእያንዳንዱ ላይ ይዘቱና ቀኑ ይጻፍ። በረኪና ያለበትን ትርፍ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ሊወጣ ስለሚችል አሲድ ካለበት ጠርሙስ ጋር ፈጽሞ እንዳያገናኙት።