«አንቺ የት ነበርሽ?» አትበሏት
(ቡሬ ላይ ለተማሪ ወላጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን አደራችሁ? ርዕሰ መምህሩ የጠሩኝ ልጆችን ከእሳትና ከፈላ ውኃ ስለመጠበቅ እንድናገር ነው። እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ የከረመውን ላውጣ።

ልጅ ሲቃጠል ወይም ከዛፍ ወድቆ ሲሰበር ሰፈሩ ይነቃነቃል። ብር ይዋጣል፣ ባጃጅ ይጠራል። እናት ልጇን አቅፋ በኮሶበር፣ በዳንግላ አድርጋ ባሕር ዳር ትገባለች። እሰየው። ቤት የቀሩትን ልጆችስ ማን አያቸው?

ስም አልጠራም፤ ግማሻችሁ ታውቋታላችሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟ ላይ የፈላ ውኃ ተደፋበት። ከዚያ ወዲያ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ «አንቺ የት ነበርሽ?» ይላታል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «የቤት ሥራሽስ?» አልኳት። ቀና ብላ «ውኃ ልቀዳ ሄጄ ነበር» አለችኝ። እኔ የጠየቅኋት የሒሳብ ደብተሯን ነው! እሷ የምትመልሰው ለእናንተ ነበር።

አዎ፣ ለእናንተ። እዚህ የተቀመጣችሁ አላችሁ። ሕፃን ሕፃን እንዲጠብቅ ያደረግነው እኛ ትልልቆቹ ነን። ከዚያ ደግሞ እኛው ችሎት እንቀመጣለን! ልጅ ማንም ሳይነግረው እንኳ «በኔ ጥፋት ነው» ብሎ ያስባል። ያን ቀን ተጣልተው ከነበረማ አለቀ፤ ርግማኔ ደረሰ ይላል። ሌሊት ፍራሽ የሚያረጥበው፣ ጠዋት «ሆዴን» የሚለው ጠግቦ አይደለም።

«አንቺ አይደለሽም ያመጣሽው» በሏት፤ ደጋግማችሁ። የወንድሟን ነገር በልኳ፣ እውነቱን ንገሯት። «ነገ ይመጣል» እያላችሁ አትሸንግሏት። እናትየው ማታ ስትደውል ስልኩን ለእሷም ስጧት። ሐኪም ፈቅዶ ልትጠይቀው ከገባች ፋሻውንና ግሉኮሱን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ድንገት አይታ አትደንግጥ። ከትምህርት ቤት አታስቀሯት። እንጀራ ይዛችሁ የምትሄዱ ደግሞ፣ የቀረውን ሕፃን ተቀበሏትና እሷ ወጥታ ትጫወት።

ወደተጠራሁበት ልመለስ። ጀበናና ድስት ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ቃጠሎ ላይ ሊጥም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፤ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። የቀረውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታስረዳችኋለች፤ ከኔ በላይ ታውቀዋለች። አመሰግናለሁ።